በገመዱ ላይ ስድስት ሸሚዝ

ኅዳር 17 ቀን 1931፣ ደብረ ብርሃን

«ለአቶ ኃይለ ገብርኤል። የጠላትን ሹማምንት ሸሚዝ በቤትዎ እያጠቡና እየተኮሱ መሆንዎ ታውቋል። ባለፈው ረቡዕ በገመድዎ ላይ ስድስት ሸሚዝ ተቆጥሯል። ስለዚህ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ከእንግዲህ ከቤትዎ እህል ውሃ አይቀምስም። ጥር 8 ቀን ለሚውለው ለሟች ባለቤትዎ ለወለተሐና የሙት ዓመትም አንመጣም። የጠላትን እድፍ ያጠበ እጅ የእመቤታችንን ጽዋ አይዝም። የማኅበሩ አለቃና ሙሴ፣ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት።»

ቃል በቃል ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ በበሩ ሥር ገብቶ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለብ ያደረግኩት ውሃ እንዳይቀዘቅዝ ሸሚዙን ዘፈዘፍኩ። ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ይዘፈዘፋል።

ስድስቱም ሸሚዝ የኔ ነው፤ ረቡዕ ዕለት ፀሐይ እንዲመታቸው ሁሉንም ሰቅዬ ቀኑን በጋቢ ብቻ ዋልኩ። አራቱን አዲስ አበባ አንድ አርመናዊ ሰፊ ሰፋልኝ፤ ሁለቱ ከድሬዳዋ የመጡ ናቸው። ሥራ የለኝም። ቢሮ የለኝም። ልጅ አልወለድንም። የማየው ሰው የለኝም። ግን በየጠዋቱ አንዱን እለብሳለሁ፣ ኮሌታውን እስከ አንገቴ እቆልፋለሁ፣ ከላይ ጋቢ እደርባለሁ። ያለዚያ ማን ነኝ?

ጋቢው ለብርድ ብቻ አይደለም። በየካቲት 1929 ጭፍጨፋ አዲስ አበባ ውስጥ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ የለበሰ ሐበሻ እየታየ ተለቀመ። ከመሥሪያ ቤቴ ሁለቱ ባልደረቦቼ እንደወጡ ቀሩ። እኔን ያዳነኝ ወለተሐና በላዬ የጣለችብኝ አሮጌ ጋቢ ነው። ወደ ትውልድ አገሯ ወደዚህ ይዛኝ መጣች፤ «ባሌ የእህል ነጋዴ ጸሐፊ ነበር» ብላ አስወራች። ቤይሩት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት መቀመጤን በዚህ ከተማ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። አልነበረም...

የከተማው ወንዶች ልብስ ለማጠብ በሬሳ ወደሚባለው ወንዝ ይወርዳሉ፤ በእንዶድ ይረግጣሉ፣ ይጫወታሉ። እኔ ሸሚዞቹን ወንዝ ይዤ ልወርድ? ጓሮዬ አጥባለሁ። ለማድረቅ ግን ፀሐይ ያስፈልጋል። አጥሩም ያን ያህል ረጅም አይደለም፤ ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

ኅዳር 18

እሳት የለም። ክብሪት ካጣሁ ሁለት ወር ሆኖኛል። ፍም የምጭረው ከጎረቤቴ ከእመት አልታየች ቤት ነበር። ዛሬ ገሉን ይዤ በሯ ላይ ቆምኩ።

«እሳቱ ጠፍቷል» አለች ከውስጥ።

ጭሱ በጣሪያው እየወጣ ነበር። ቆሜ አየሁት።

የወለተሐና የልብ ወዳጅ ነበረች። ሬሳዋን ያጠበችው እሷ ናት። ጎረቤት እሳት ሲከለክል ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ቆሎ በላሁ። ሸሚዙ ደርቋል፤ የሚተኮስበት ፍም የለም።

ኅዳር 19

መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። አራት ገጽ ሞላሁ። በአንደኛው ገጽ ማኅበሩን መሃይም አልኩ፣ በሁለተኛው መሪጌታን አላዋቂ አልኩ፣ በሦስተኛው... ቀለሙ ተደፋ። የቀኝ እጅጌዬ ጫፍ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል።

ባለ አራት ቋጠሮው ሸሚዝ ነው። ወለተሐና ፊደል አትቆጥርም ነበር። ሸሚዞቹን በተራ ካልለበስኳቸው እኩል አያረጁም ብዬ ባስቸገርኳት ጊዜ በየኮሌታው ውስጥ በቀይ ክር ቋጠሮ ሠራች፤ ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እስከ ስድስት። በጣቷ ዳስሳ ተራውን ታውቅ ነበር።

በችኮላ ሳሙና አሸሁበት። ወዲያው ሰፋ። ያኔ ትዝ አለኝ። «ቀለም ሳሙና አይወድም» ትል ነበር። ሃያ ዓመት በአጠገቤ ስትለው ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን አላዳመጥኩም።

አራቱን ገጽ ቀደድኩ።

ኅዳር 24

የቅዳሜ ገበያ። ነጋዴው ዘይኑልአቢዲን ከቆላው ከአልዩ አምባ ሎሚ ጭኖ ወጥቷል። የተጨማደደ ሸሚዝ በጋቢ ውስጥ ለብሼ ሄድኩ። ከሳምንት በላይ ያልተተኮሰ ሸሚዝ፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ።

«አቶ ኃይሌ፣ ስድስት ሎሚ? ብቻዬን ነኝ ብለውኝ አልነበር?»

«ለእድፍ ነው።»

«የምን እድፍ?»

«የቀለም።»

ሳቀ። «ይገርማል። ከተማው የሚለው ሌላ ነው።»

«ምን ይላል?»

«የጣልያን አጣቢ ሆነዋል ይላል። እኔ ወላሂ አላመንኩም። የጣልያን አጣቢ ሳሙና ከኔ ይገዛል? እነሱ በሣጥን አይሰጡትም? እርስዎ እኮ ሩብ ሳሙና ቁረስልኝ ብለው የሚለምኑኝ ሰው ነዎት።»

አልለምንም። አዛለሁ። ግን አላረምኩትም።

«ታዲያ ለምን አልነገርክላቸውም?»

«በክርስቲያን ማኅበር እኔ እስላሙ ገብቼ ልመስክር? ተዉኝ እባክዎ። ሎሚዎን ይያዙ። ይህችን ክብሪት መርቄልዎታለሁ፤ ፊትዎ የበረደው ሰው ፊት ነው።»

በዚህ ሳምንት ከሰው ጋር ያወራሁት ይህን ብቻ ነው።

ኅዳር 25

እሳት አለኝ። አመድ አለብሼ አሳድረዋለሁ፤ ከእንግዲህ አይጠፋም።

እድፉ ላይ ጨው ነሰነስኩ፣ ሎሚ ጨመቅኩ፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ሲደርቅ እንደገና ሎሚ። አራት ጊዜ። ጥቁሩ ወደ ቡናማ፣ ቡናማው ወደ ቢጫ ሄደ። ቢጫው ቀረ። ቢጫው ያለው ሳሙናው በገባበት ቦታ ብቻ ነው። የቀለሙ ጥፋት ሳይሆን የኔ ነው ማለት ነው።

ኅዳር 28

የምሽቱ ውርጭ ነጭ ልብስ ያነጣል። እሷ እርጥቡን ሣር ላይ ዘርግታ ታሳድረው ነበር፤ ጠዋት እንደ ሳንቃ ደርቆ ይገኝ ነበር። እንዲያው አደረግኩ። ጠዋት ሳንቃ ሆኖ አገኘሁት። ቢጫውም የለም፣ ጠፍቷል። ደስ ብሎኝ አንስቼ አጠፍኩት...

ክርኑ ላይ ጠሽ ብሎ ተቀደደ። የቀዘቀዘ ጨርቅ አይታጠፍም። እሷ ፀሐይ እስኪያላላው ትጠብቅ ነበር እንጂ አትነካውም ነበር። ለምን እንደምትጠብቅ ጠይቄያት አላውቅም። ቁርሴ ዘገየ ብዬ ነበር የምቆጣው።

ክርኑን ጠቀምኩት። ስፌቴ አስቀያሚ ነው። ከጋቢ ሥር ማን ያየዋል?

ታኅሣሥ 3

ወረቀቱን እንደገና አወጣሁ። ዛሬ እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ዳኛ አነበብኩት።

በመጀመሪያ መጥፎ ሐሳብ መጣብኝ። እውነቱን ልጻፈው፤ ለራሴ ካልጻፍኩት ለማን ልጽፈው ነው? የጣልያን ካምፕ ከዚህ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ወረቀቱ ላይ «ጠላት» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ አለ፤ ከሥሩ ስምና ፊርማ አለ። የካምፑ አስተርጓሚ እጅ ባስገባው መሪጌታ ነገ ማታ በሕይወት አይኖርም። ይህን አሰብኩ። አንድ ሸሚዝ ጨምቄ እስክጨርስ ድረስ አሰብኩት። ከዚያ አፈርኩ።

ግን ቆይ... የጠላት አጣቢ ነህ ለሚሉት ሰው «ጠላት» ብሎ ጽፎ፣ ፈርሞ ማን ይሰጣል? ከልቡ ቢያምንበት ስሙን አይጽፍበትም ነበር። መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ሞኝ አይደለም። እንግዲያው አላመነበትም። ወይም አሳልፌ እንደማልሰጠው ያውቃል። ይህን ካወቀ ደግሞ ለምን ጻፈው?

ጥያቄው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ታኅሣሥ 9

ሙሉ ቀን ስተኩስ ዋልኩ። የስንዴ ዱቄት በጨርቅ ቋጥሬ ውሃ ውስጥ አሸሁ፤ ነጩን ውሃ አፍልቼ ኮሌታዎቹንና የእጅጌዎቹን ጫፎች ነከርኩ። ካውያውን በፍም ሞላሁ። መጀመሪያ በአሮጌ ጨርቅ ይሞከራል፤ ካልሞከሩት ያቃጥላል። አመዱ በቀዳዳው እንዳይተፋ ደግሞ ቀድሞ ደጅ ወጥቶ እፍ መባል አለበት። ይህን ሁሉ የተማርኩት በዚህ ዓመት ነው፣ በማቃጠል። ሁለተኛው ሸሚዝ ጭራ ላይ የካውያው አፍንጫ ታትሟል።

አንድ ሸሚዝ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። እሷ በየሳምንቱ ስድስት። ስታመጣልኝ ብርሃን ላይ ይዤ አየው ነበር። «ይህ መስመር ምንድነው?» በጣቴ አሳያለሁ። ምንም ሳትል መልሳ ትወስደዋለች።

ጥር 8 ቀን ሊመጣ አንድ ወር አልቀረውም። ማኅበሩ ካልመጣ ማን ይመጣል? ሰማንያ እንጀራ ጋግሬ ከዘይኑልአቢዲን ጋር ልበላ ነው? እሷ በየወሩ 16 ቀን ጽዋውን አክብራ የኖረች ሰው ናት። በሙት ዓመቷ ግቢው ባዶ ሆኖ ላየው ነው?

ታኅሣሥ 11

ዝናብ የሌለበት ደመና። ምንም።

ታኅሣሥ 15

ነገ ማኅበሩ ነው፤ ተረኛዋ አልታየች ናት። ከአጥሬ ማዶ። ጠላው ሲጠመቅ ሽታው ይደርሰኛል።

ነገ የጣልያኖቹም የልደት በዓል ነው፤ በነሱ አቆጣጠር። ካምፑን ሲያስጌጡ ሰነበቱ። ሹሞቹ ሁሉ ነገ ነጭ ይለብሳሉ።

ወስኛለሁ። ጋቢውን ካወለቅኩ አሥራ ሁለት ሰው ያየኛል። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ቢያወራ ይበቃል፤ ከየካቲቱ የተረፍኩት ለዚህ ይሆናል። ካላወለቅኩ ደግሞ እሷ...

ስድስተኛውን ተኮስኩ። ሁለት ጊዜ።

ታኅሣሥ 16

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት አምስቱን ሸሚዝ ገመዱ ላይ ሰቀልኩ፤ ከአልታየች ደጃፍ በደንብ በሚታይበት በኩል። ስድስተኛውን ለበስኩ። ጋቢ ደረብኩ። እኩለ ቀን ሲሆን ወጣሁ። ከካምፑ ጥሩምባና ዘፈን ይሰማል፤ መንገዱ ላይ ወታደር የለም።

ሳልጠራ አልታየች ቤት ገባሁ። ጸሎቱ አልቆ ንፍሮው ተቀምጦ ነበር። መሪጌታ ከወንበሩ ቀና አለ፤ ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑ ያለቅሳል ሁልጊዜ።

«አቶ ኃይለ ገብርኤል፣ ወረቀት ደርሶዎት የለም?»

«ደርሶኛል። እመት አልታየች፣ እባክዎ ደጅ ወጥተው ይቁጠሩልኝ።»

«ምኑን?» አለች።

«ሸሚዙን። ረቡዕ ዕለት የቆጠረው ሰው ስድስት ብሏል።»

ፊቷ ጠቆረ። ወጥታ ተመለሰች። «አምስት ነው።»

«ስድስተኛውስ የት አለ?»

«እኔ ምን አውቄ? የለበሰው ለብሶት ሄዷላ። በዓላቸው አይደል?»

አንድ ሰው ከጥግ ሳቀ። «አምስቱ ሹሞችስ ራቁታቸውን ነው በዓል የዋሉት?»

«ዝም በል ገብረአብ» አለ መሪጌታ።

ጋቢዬን አወለቅኩ።

ነጭ ሸሚዝ፣ ኮሌታው ቀጥ ያለ፣ ደረቱ አንድ መስመር የሌለው። ከወለተሐና ሞት በኋላ ሰው አይቶኝ አያውቅም ነበር፤ ይህን የተረዳሁት እዚያ ቆሜ ነው። መሪጌታ ሸሚዙን አላየም፤ በመጀመሪያ ያየው በሩን ነው። የሳቀው ገብረአብ ተነሥቶ በሩን ዘጋው፣ መወርወሪያውንም ጣለ።

በሩን የዘጉት እኔን ከውጭ ዓይን ለመከለል ነበር።

አልታየች ቀረበች። ጣቷን በኮሌታዬ ውስጥ ሰደደች፣ ገለበጠችው። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር።

«አንድ... ሁለት...» እስከ ስድስት ቆጠረች። «ይሄ የወለተሐና እጅ ነው። ክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ከቀሚሴ ጥለት የተረፈውን። 'ለምን ይሆንሻል?' ብላት 'ያረጀው ሲቆጠር ሲቆጠር ሳሳ፤ ላድሰው ነው' አለችኝ። የምን እንደሆነ አልነገረችኝም።» ከዚያ ወደ ማኅበሩ ዞረች። «የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሸሚዝ አየሁ፣ ለባሽ አላየሁም። ይሄ ሰው ከጋቢ ወጥቶ አያውቅም። ምን ልበል?»

«ለምን ሸሸጉት?» አለ መሪጌታ።

«አዲስ አበባ ይህን የለበሰ ሰው ምን እንደሆነ አልሰሙም?»

ሰምቷል። ራሱን ነቀነቀ።

«እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «የጠላት አጣቢ ነህ ካሉኝ እንዴት 'ጠላት' ብለው ጽፈው፣ ፈርመው በበሬ ሥር አስገቡልኝ?»

ንፍሮውን በጣቱ ገፋ ገፋ አደረገ።

«የወለተሐና ባል አይሸጠኝም ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ያውቁ ነበር።»

«ማኅበሩ ተቆጣ። ሙሴ ነኝ፤ ማኅበሩ የሚለውን እጽፋለሁ። አቶ ኃይለ ገብርኤል፣ ይቀመጡ። ጽዋውን ይቅመሱ።»

አልተቀመጥኩም። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። አምስቱን ሸሚዝ ከገመዱ አወረድኩ። ገና አልደረቁም ነበር።

መቀመጥ ነበረብኝ?

ታኅሣሥ 17

አልታየች በጠዋት መጣች፤ ፍም በገል ይዛ።

«እንካ እሳትህን።»

«አለኝ።»

«አለህ አውቃለሁ። እንካ አልኩህ።»

ተቀበልኩ። እየተኮስኩ ነበር፤ ውሃ በእጄ ስረጭ አየችኝ።

«በአፍ ነው እንጂ። እሷ በአፏ እፍ እያለች ነበር የምታርሰው፣ እንደ ጤዛ። አንተ እንደ ጠበል ትረጨዋለህ።» ጉርሻ ውሃ ይዛ አሳየችኝ። ሸሚዙ እኩል ረጠበ። ሥራዋን እያየች ቆየች። «'ይህ መስመር ምንድነው' ስትላት በአጥሩ እሰማ ነበር።»

«ምን ትል ነበር?» አልኩ።

«ትስቅ ነበር። 'ዛሬም ሁለት ጊዜ አስተኮሰኝ' እያለች እኔ ዘንድ መጥታ ትስቅ ነበር።»

ትስቅ ነበር... እኔ ዘንድ ስቃ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ራሱ መጣ። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ቆሞ ተናገረ። «ተሳስተናል። ጥር 8 ቀን ማኅበሩ ሁሉ ይመጣል። ይቅር ይበሉን።»

«በጽሑፍ ይስጡኝ።»

«ምን?»

«የሰደባችሁኝ በጽሑፍ ነው።»

«በዚህ ዘመን ወረቀት ያስገድላል፣ አቶ ኃይለ ገብርኤል። አፍ ይበቃል።»

«ያለፈው ወር አያስገድልም ነበር?»

ዓይኑን በነጠላው ጠረገ። በር ላይ ሲደርስ ጠራሁት። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት፤ ፊርማውን አየ። የካውያውን ክዳን ከፍቼ ፍሙ ላይ ጣልኩት። አንድ ጊዜ ቦግ አለና ጠፋ። ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል ወደ ኋላ አልኩ።

እሱ ከሄደ በኋላ በዚያው ካውያ ባለ አንድ ቋጠሮውን ጨረስኩ። የወረቀቱ አመድ በቀዳዳው ወጥቶ ደረቱ ላይ ጠብ አለ። ደጅ ሳላወጣ፣ እፍ ሳልል።

ታኅሣሥ 18

ሌላ ነገር ታየኝ። ማለዳ፣ ኮሌታ ሳጥብ።

ጋብቻችን በሰማንያ ነው፤ ምስክሮቹ በአፍ። መቃብሯ ላይ ድንጋይ እንጂ ፊደል የለም። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ደብዳቤ አልጻፍኩላትም፤ አታነብም ብዬ። ወለተሐና የሚለው ስም ሰው በሚያነበው ወረቀት ላይ የሰፈረው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ በዚያ የስድብ ወረቀት። እሱንም ለመሪጌታ አንገት ስል በእጄ አቃጠልኩት። ይህ ደብተር አይቆጠርም፤ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ለማንም አይነበብም።

ለመሪጌታ ጻፍኩ፤ አራት ገጽ ግን አልጻፍኩም። አንድ። ጋቢ ሳልደርብ፣ ከአልታየች አጥር እስከ መሪጌታ ቤት ሃምሳ እርምጃ ሄጄ በእጁ ሰጠሁት። ባለ ሁለት ቋጠሮው ተረኛ ነበር። አልታየች ከደጃፏ አየችኝና «ጭራው ላይ ካውያ ታትሞበታል፣ ወደ ሱሪህ ክተተው» አለችኝ። ከተትኩት። ቅጂው ይህ ነው፦

«ለኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሙሴ፣ ለመሪጌታ ዘርአ ዳዊት። በአፍ የጠየቁኝን ይቅርታ ተቀብያለሁ። ሰው ሊፈራው የሚገባ ቃል አንዲትም እንዲጽፉ አልጠይቅም፤ ስለ እኔም ምንም አይጻፍ። የምጠይቀው ሁለት መስመር ነው። አንደኛው፣ በቤቴ ገመድ ላይ የተቆጠሩት ስድስት ሸሚዞች በማኅበርተኛችሁ በወለተሐና እጅ ሃያ ዓመት የታጠቡና የተተኮሱ መሆናቸውን የሚገልጽ። ሁለተኛው፣ ማኅበሩ ጥር 8 ቀን ለወለተሐና የሙት ዓመት የሚመጣ መሆኑን የሚገልጽ። ስሟ በሁለቱም መስመር በሙሉ ይጻፍ። በቃል የሚላክ መልስ አልቀበልም። ከሐሙስ ታኅሣሥ 27 ቀን በፊት በጽሑፍ ይመለስልኝ። ኃይለ ገብርኤል፣ የወለተሐና ባል።»